ሲሾም ያልሠራ ሲሻር ይቈጨዋል

ወጣቶች ሆይ፤

«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቈጨዋል» የሚለውን ተረት እየሰማን አድገናል። ተረቱ ክፉ ነው፤ ሹመትን እንደ ማዕድ፥ ሹሙንም እንደ ተራበ እንግዳ አድርጎ ያሳየናልና። ነገር ግን አንዲት ቃል ብቻ ብንለውጥበት ወደ መልካም ምክር ይመለሳል፤ ሲሾም ያልሠራ ሲሻር ይቈጨዋል። ዛሬ ልጽፍላችሁ የፈለግሁት ስለዚህ ስለ ሁለተኛው ቍጭት ነው። ይኸውም ሥልጣን በእጁ ሳለ ስለ ተገፉ ሰዎች ዝም ያለ መሪ፥ ሊሰናበት ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት ተነሥቶ የሚፈጽመው በጎ ሥራ ምን ያህል ይጠቅማል? ምን ያህልስ ሊመሰገን ይገባዋል?

ስለ ታላላቆች ከመናገሬ በፊት የራሴን ጥፋት ላስቀድም፤ ሌላውን የሚነቅፍ ሰው ከራሱ ቢጀምር ይሻላልና።

በአንድ የክፍለ ሀገር ከተማ የአንድ ትምህርት ቤት ምክትል ዲሬክተር ነበርሁ። አንድ የዐሥረኛ ክፍል ተማሪ የአጉሊ መነጽር ሌንስ ሰርቋል ተብሎ ተባረረ። በዓመቱ የንብረት ክፍሉ ሠራተኛ ቁም ሣጥኑን ለማስጠገን ሲያነሣ ሌንሱ ከኋላው ወድቆ አገኘውና ለእኔ አምጥቶ ሰጠኝ። ልጁ ንጹሕ መሆኑን ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ዐወቅሁ። ነገር ግን ውሳኔውን የሰጠው ሰው አለቃዬ ነበር፤ ደብዳቤ ብጽፍ ይቀየመኛል፥ የዕድገት ተራዬም ይተላለፍብኛል ብዬ ፈራሁ። ሌንሱን በወረቀት ጠቅልዬ ከመሳቢያዬ አኖርሁት። እዚያም አራት ዓመት ተቀመጠ።

ጡረታ በምወጣበት ሳምንት መሳቢያዬን ሳራግፍ ሌንሱ ወጣ። ያን ጊዜ የምፈራው አለቃ አልነበረኝም። ተቀምጬ ረጅም ደብዳቤ ጻፍሁ፤ ፈረምሁ፤ ማኅተም አስመታሁ። ባልደረቦቼም በስንብቱ ግብዣ ላይ ይህን አንሥተው አመሰገኑኝ። በቦታዬ የተተካው ሰው ግን «ቃለ ጉባኤ የሌለው፥ ምስክርም ያልተሰማበት ደብዳቤ ነው» ብሎ ወደ መዝገብ ሳያገባው ቀረ። ልጁን ፈልጌ በአውቶቡስ መናኸሪያ ዕቃ ሲጭን አገኘሁትና የሆነውን ሁሉ ነገርሁት። እርሱም ሸክሙን አወረደና፥ «ጋሼ፥ ይህን መቼ ዐወቁ?» አለኝ። ሌላ ነገር አልጠየቀኝም። እኔም መልስ አልነበረኝም።

እንግዲህ ከዚህ በታች ስለ መሪዎች ስጽፍ የዚያን ልጅ ጥያቄ እንደ ሚዛን ይዤ ነው።

ለምሳሌ የማነሣቸው የአሜሪካን ፕሬዚዳንቶች ነው። ምክንያቱም ሁለት ነው። አንደኛ፥ የሚሰናበቱበት ቀን አስቀድሞ የታወቀ ነው፤ ምርጫው በኖቬምበር መጀመሪያ ይደረጋል፥ አዲሱ ሰው የሚምለው ግን ጃንዋሪ 20 ቀን ነው። ከ1933 በፊትማ እስከ ማርች 4 ቀን ድረስ ይቈይ ነበር። በዚህ መካከል ባሉት ዐሥራ አንድ ሳምንታት ያህል ተሰናባቹ ሙሉ ሥልጣን አለው፤ ነገር ግን ዳግመኛ ድምፅ የሚለምነው መራጭ የለውም። አሜሪካኖች ይህን ዓይነቱን ሹም «አንካሳ ዳክዬ» ብለው ይቀልዱበታል። ሁለተኛ፥ በዚያ ቤት የሚፈረም ወረቀት ሩቅ አገር ላለ እስረኛና ስደተኛ ይተርፋል። ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ የምጽፈው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆኑን ልብ በሉልኝ።

በመጀመሪያ ፊርማን እንመልከት። በጁላይ 1998 መንግሥታት በሮማ ከተማ ተሰብስበው፥ የዘር ማጥፋትንና የጦር ወንጀልን የሚዳኝ ዓለም አቀፍ የወንጀል ፍርድ ቤት እንዲቋቋም 120 በድምፅ ሲደግፉ 7 ተቃወሙ፤ ከተቃወሙትም አንዷ አሜሪካ ነበረች። ፕሬዚዳንት ቢል ክሊንተን ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ያህል ቈይተው፥ ለመፈረም በተፈቀደው በመጨረሻው ዕለት፥ ዲሴምበር 31 ቀን 2000 አስፈረሙ። ከሥልጣናቸው ሊወርዱ የቀራቸው 20 ቀን ነበር። በዚያውም ዕለት፥ የሚያሳስበን ነገር ካልተስተካከለ ውሉ ለሴኔት እንዲቀርብ ለተተኪዬ አልመክርም አሉ። በአንድ እጅ ፈርሞ በሁለተኛው ማገድ ይሏል ይህ ነው። ፊርማው አሜሪካ ከውይይቱ እንዳትወጣ ይረዳል የሚል ምክንያት ነበራቸው፤ ምክንያቱም ከንቱ አልነበረም። ነገር ግን በሜይ 6 ቀን 2002 የተተኪያቸው የጆርጅ ቡሽ መንግሥት፥ አሜሪካ በዚያ ፊርማ እንደማትገደድ በአንዲት አጭር ደብዳቤ ለተባበሩት መንግሥታት አስታወቀ። በሁለተኛው ወር ፍርድ ቤቱ ያለ አሜሪካ ሥራውን ጀመረ። በመሸ ጊዜ የተፈረመው በነጋ ጊዜ ተፋቀ።

ሁለተኛው ምሳሌ ከደጃችን ነው። ታላቁ ጆርጅ ቡሽ በኖቬምበር 1992 ምርጫውን ከተሸነፉ በኋላ፥ በጐረቤታችን በሶማሊያ በጦርነትና በረኀብ ሕዝብ ሲያልቅ አይተው፥ በዲሴምበር 4 ቀን ወታደር እንደሚልኩ ተናገሩ፤ በ9ኛውም ቀን ወታደሮቹ መቋዲሾ ወረዱ። የዘረፋው መንገድ ተከፍቶ እህል ለተራቡት ደረሰ፤ ይህን በጎ ሥራ መካድ አይገባም። ነገር ግን እህል ማድረስ የወራት ሥራ ሲሆን፥ የፈረሰን አገር ማቆም የብዙ ዓመት ሥራ ነው፤ ይህንንም ሸክም ያነሡት ሰው በስድስት ሳምንት ውስጥ ለሌላ አስረክበው ሄዱ። በኦክቶበር 1993 በመቋዲሾ ውጊያ 18 አሜሪካውያንና እጅግ ብዙ ሶማሊያውያን ሞቱ፤ በማርች 1994 የአሜሪካ ጦር ጓዙን ጠቅልሎ ወጣ። በሚቀጥለው ወር በሩዋንዳ እልቂቱ ሲጀመር ታላላቆቹ መንግሥታት ወታደር ለመላክ እጃቸው ከታሰረባቸው ምክንያቶች አንዱ የመቋዲሾው ትዝታ ነበር። ስለዚህ ተሰናባች ሰው ሊጨርሰው የማይችለውን ነገር በሌላው ትከሻ ላይ ሲጭን፥ ርኅራኄው ብቻ በቂ አይሆንም።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳዝነኝ ግን የፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር ታሪክ ነው፤ እኚህ ሰው በጎውን ለማታ አላቈዩትምና። በጃንዋሪ 1977 ሥልጣን ይዘው በሚቀጥለው ወር፥ ሰብአዊ መብት በመጣሱ ምክንያት ለአርጀንቲና፥ ለኡራጓይና በደርግ እጅ ለነበረችው ለአገራችን ለኢትዮጵያ የሚሰጠው የጦር እርዳታ እንዲቀነስ መንግሥታቸው አስታወቀ። በጧት የጀመረ ሰው ማለት እንዲህ ነው። ሆኖም በፌብሩዋሪ 1980 የኤል ሳልቫዶር ሊቀ ጳጳስ ኦስካር ሮሜሮ፥ የጦር እርዳታው ሕዝቤን ለሚጨቍኑት ጕልበት ይሆናልና አይላክ ብለው በደብዳቤ ለመኑአቸው። ሊቀ ጳጳሱ በሚቀጥለው ወር፥ በማርች 24 ቀን፥ ቅዳሴ ላይ ሳሉ በጥይት ተገደሉ። በዲሴምበር 2 ቀን ደግሞ ሦስት አሜሪካውያን መነኰሳትና አንዲት ረዳታቸው በዚያው አገር ወታደሮች እጅ ተገደሉ። ካርተር እርዳታውን አገዱ። ነገር ግን በጃንዋሪ 1981 ሽምቅ ተዋጊዎቹ ታላቅ ጥቃት ሲከፍቱ፥ ፕሬዚዳንቱ ሊሰናበቱ ስድስት ቀን ሲቀራቸው፥ ገዳዮቹ ሳይፈረድባቸው የጦር እርዳታው እንደ ገና እንዲላክ ፈቀዱ። ጦርነቱም እስከ 1992 ቀጥሎ ከ70 ሺህ በላይ ሰው በላ። በእኔ መሰናበቻ አገሪቱ ወደቀች እንዳይባል መፍራት፥ አራት ዓመት የተሰበከውን ቃል በአንድ ሳምንት አስረሳው። ከዚህ የምንማረው የመጨረሻው ሳምንት በጎ ያልሠራ የሚጸጸትበት ጊዜ ብቻ ሳይሆን፥ በጎ የሠራም የሚፈተንበት ጊዜ መሆኑን ነው።

እንግዲህ በማታ ተሠርቶ የሚጸና ነገር ከቶ የለምን? አለ እንጂ። በእኔ ግምት ሦስት ነው።

አንደኛው የታሰረን ሰው መፍታት ነው። በጓንታናሞ ባለው የአሜሪካ እስር ቤት ከ2002 ጀምሮ ብዙ ሰዎች ክስ ሳይመሠረትባቸው ተይዘዋል። ፕሬዚዳንት ባራክ ኦባማ በሥልጣን በያዙ በሁለተኛው ቀን፥ በጃንዋሪ 22 ቀን 2009፥ በአንድ ዓመት ውስጥ እንዲዘጋ አዘዙ፤ ኮንግሬሱ ግን ከለከላቸው፥ እስር ቤቱም ሳይዘጋ ቀረ። ሲገቡ 240 ያህል እስረኞች ነበሩበት፤ በመጨረሻዎቹ ቀኖች ጭምር እያስወጡ፥ ሲሰናበቱ 41 ብቻ ቀሩ። ተተኪያቸው ዶናልድ ትራምፕ በጃንዋሪ 2018 እስር ቤቱ ክፍት ሆኖ እንዲቈይ አዘዙ። ልብ በሉ፤ የመዝጋቱ ትእዛዝ ተሻረ፥ የወጡት ሰዎች ግን ወደዚያ አልተመለሱም። እንደዚሁም ፕሬዚዳንት ጆ ባይደን በጃንዋሪ 2025፥ ሊሰናበቱ ሁለት ሳምንት ሲቀራቸው፥ 11 የየመን ሰዎችን ወደ ኦማን አስወጡ፤ በእስር ቤቱም 15 ሰው ቀረ። ወረቀት ይፋቃል፤ ወደ ልጆቹ የተመለሰ አባት ግን አይፋቅም። ሆኖም እዚህም ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ከዚያ ወጥተው ወደ ተባበሩት የዓረብ ኤምሬትስ ከተላኩት መካከል ብዙዎቹ በደረሱበት አገር ለዓመታት እንደ ገና ተዘግተው ቈይተዋል። የሚፈታ ሰው ከአንዱ ቍልፍ ወደ ሌላው ቍልፍ መተላለፍ የለበትም።

የኩባም ነገር ይህንኑ ያስረዳል። በጃንዋሪ 14 ቀን 2025 ባይደን ኩባን ሽብርን ይረዳሉ ከሚባሉት አገሮች መዝገብ እንደሚያወጡ አስታወቁ፤ የኩባ መንግሥትም በዚያው ዕለት፥ በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን አስታራቂነት፥ 553 እስረኞችን ቀስ በቀስ እንደሚፈታ ተናገረ። ከስድስት ቀን በኋላ ትራምፕ በማሉበት ዕለት የመዝገቡን ነገር ሻሩት። እስረኞቹ ግን መፈታታቸው አልቀረም፤ በማርች ወር ተፈጸመ ተባለ። ከታወቁት አንዳንዶቹ በኤፕሪል ተመልሰው ታሰሩ፤ የብዙ ቤት በር ግን ተከፈተ።

ሁለተኛው የተሰወረን መዝገብ መግለጥ ነው። ክሊንተን በሮማው ውል ከሚነቀፉት ይልቅ በዚህ ሊመሰገኑ ይገባል። በ1998 የቺሊው ጄኔራል ፒኖሼ ለንደን ላይ ከተያዙ በኋላ፥ አሜሪካ በዚያ አገር ስለ ተፈጸመው ግፍና ስለ ራሷም እጅ የያዘችው ምስጢራዊ ወረቀት እንዲገለጥ አዘዙ፤ የመጨረሻው ክፍል በኖቬምበር 2000 ወጣ፤ በጠቅላላው 24 ሺህ ያህል ሰነድ ነበር። ኦባማም በ2016 ስለ አርጀንቲና ወታደራዊ አገዛዝ እንዲህ ያለውን ሥራ አስጀመሩ፤ በብዙ ነገር የሚቃወሟቸው ተተኪያቸው እንኳ አልሻሩትም፥ በ2019 ተፈጸመ። አንድ ጊዜ የተነበበ ወረቀት ተመልሶ ምስጢር አይሆንም። ልጅዋ የጠፋባት እናት ግን ልጅዋን ማን እንደ ወሰደው ለማወቅ ሌላ መንገድ የላትም።

ሦስተኛው ብቻን ያልተሠራ ሥራ ነው። ሰርጌይ ማግኒትስኪ የሚባል ሩሲያዊ የመንግሥት ሹማምንትን ሌብነት ስላጋለጠ ታስሮ በኖቬምበር 2009 በሞስኮ እስር ቤት ሞተ። በስሙ የተጠራው ሕግ፥ በማናቸውም አገር ሰብአዊ መብት የሚጥሱትን ሰዎች ገንዘብ ለማገድና ወደ አሜሪካ እንዳይገቡ ለመከልከል ሥልጣን የሚሰጠው፥ በዲሴምበር 23 ቀን 2016 በኦባማ ተፈረመ። የቀራቸው አንድ ወር እንኳ አልሞላም ነበር። ሕጉ ግን ጸና፤ በዓመቱ የትራምፕ መንግሥት ራሱ ሠራበት። ምሥጢሩ ምንድን ነው? በሁለቱም ፓርቲዎች ሸንጎ ላይ ተመክሮበት የወጣ ሕግ እንጂ፥ አንድ ሰው በመሸበት ሰዓት የጻፈው ትእዛዝ ስላልሆነ ነው። የእኔ ደብዳቤ ያጣውን ቃለ ጉባኤና ምስክር ይህ ሕግ አግኝቶት ነበር።

ከእነዚህ ሦስቱ ሌላ አንድ የሚያጠራጥር ነገር አለ፤ ይኸውም ቃል ነው። በጃንዋሪ 7 ቀን 2025 የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር አንቶኒ ብሊንከን፥ በሱዳን ፈጥኖ ደራሽ የተባለው ጦርና ተባባሪዎቹ የዘር ማጥፋት ፈጽመዋል ብለው አስታወቁ። ቃሉ እውነት ነው። ነገር ግን ጦርነቱ የተጀመረው በኤፕሪል 2023 ነበር፤ የማሳሊት ሕዝብ በዳርፉር የታረደው በዚያው ዓመት ነበር። ወጣቶች ሆይ፥ የዚያን ልጅ ጥያቄ እዚህ ላይ አንሡ፤ ይህን መቼ ዐወቁ? አባቶቻችን ዘግይቶ ለሚጮኽ ሰው «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ይላሉ። በሱዳን ግን ነገሩ ከዚህም ይከፋል፤ ጅቡ ገና አልሄደም፥ ጮኾ የሄደው ውሻው ነው። ተረት ሰውን ለመስደብ አይነገርም፤ ነገሩን ለማስረዳት ብቻ ነው። በኦክቶበር 2025 ኤል ፋሸር በዚያው ጦር እጅ ስትወድቅ፥ ያ ቃል የአንድ ሰው እንኳ ጋሻ አልሆነም።

ስለዚህ ቃል ከንቱ ነው ብላችሁ ግን አትደምድሙ። በጃንዋሪ 19 ቀን 2021፥ በመጨረሻው ሙሉ ቀን፥ ከእርሳቸው በፊት የነበሩት ሚኒስትር ማይክ ፖምፔዮ በቻይና በኡይጉር ሕዝብ ላይ ስለሚፈጸመው ግፍ ይህንኑ ስም ተናግረው ነበር። ተተኪው ቃሉን አልጣለውም፤ በዓመቱ መጨረሻ በግዳጅ ሥራ የተመረተ ዕቃ ከዚያ ክፍል እንዳይገባ የሚከለክል ሕግ ወጣ። ቃል የሚጸናው ሌላው ተቀብሎ ወደ ሥራ ሲያገባው ነው፤ ያለዚያ የተናጋሪውን ኅሊና ከማሳረፍ አያልፍም።

አንዳንድ አንባቢ እንዲህ ብሎ ይጠይቀኝ ይሆናል፤ «ሕዝቡ ሌላ ሰው መርጦ ሳለ ተሰናባቹ እጁን አጣጥፎ ቢቀመጥ አይሻልምን?» ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሴ ግን አይሻልም የሚል ነው። መሐላው እስከ መጨረሻዪቱ ሰዓት የሚያስር ነው፤ እስር ቤት ያለ ሰውም የምርጫን ቀን አይቈጥርም። ካርተር በመጨረሻው ሌሊት ሳይተኙ በአልጄሪያ አስታራቂነት ሲደራደሩ አድረው፥ በቴህራን 444 ቀን የተያዙት 52 አሜሪካውያን የተለቀቁት ተተኪያቸው ሮናልድ ሬገን በማሉ በደቂቃዎች ውስጥ ነው። ምስጋናው ለሌላ ደረሰ፤ ሰዎቹ ግን ወደ ቤታቸው ገቡ። ለሌላ ሰው ምስጋና እንደሚሆን እያወቁ መድከም፥ ከማታ ሥራ ሁሉ የተከበረው ይህ ይመስለኛል።

እንግዲህ ነገሬን ላጠቃልል። ተሰናባች መሪ ስለ ሰብአዊ መብት አንድ ነገር ማድረግ ቢፈልግ፥ ተተኪው ሊሽረው የማይችለውን ይምረጥ፤ ሰው ይፍታ፥ መዝገብ ይግለጥ፥ ከሌሎች ጋር ሆኖ ሕግ ያጽና። ሌላው ሊጨርሰው የማይፈልገውን ጦርነት አይጀምር፤ ገዳይንም በመሰናበቻው አያስታጥቅ። እኛ ተመልካቾቹ ደግሞ ምስጋናችንን በሚዛን እናድርግ። የመጨረሻ ቀን በጎ ሥራ ሁሉ ሁለት ነገር ይመሰክራልና፤ ሰውየው በጎውን እንደሚያውቅ፥ ደግሞም ማድረግ ይችል እንደ ነበር። ለፊተኛው እናመስግነው፤ ስለ ኋለኛው እንጠይቀው።

ስለ ልጁ ሳልነግራችሁ ብተወው ደግ አይሆንም። ከዚያ ቀን በኋላ ከንብረት ሠራተኛው ጋር ሌንሱን ይዘን ወደ ትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ደጋግመን ተመላለስን፤ ምስክርነቱን ሰጠ፥ በቃለ ጉባኤም ተጻፈ። መዝገቡ ታረመ። ልጁ በመናኸሪያው ያሳለፋቸው ዓመታት ግን አልታረሙም፤ እነርሱን የሚያርም ማኅተም የለም።

እናንተ ዛሬ ፕሬዚዳንቶች አይደላችሁም፤ ነገር ግን አንዳችሁ የክፍል አለቃ፥ አንዳችሁ የመዝገብ ቤት ጸሓፊ፥ አንዳችሁ የሌላውን እንጀራ በብዕር የምትይዙ ሹም ትሆናላችሁ። ያን ጊዜ በመሳቢያችሁ ውስጥ የአንድ ሰው እውነት በወረቀት ተጠቅልሎ ይኖር ይሆናል። የስንብታችሁን ግብዣ አትጠብቁ፤ መሳቢያውን ዛሬ ክፈቱት።